ያጌጠ ጽሑፍን በገጽ መቁረጥ፦ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ከባሕር ዳር ነኝ፤ ሥራዬ ለአንድሮይድ የማንበቢያ አፕ መሥራት ነው። ቦልድ፣ ቀለምና ትልልቅ ርዕስ ያለበትን ረጅም ጽሑፍ እንደ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ስለማሳየት የፈለጋችሁትን ጠይቁ። እስከ ማታ አለሁ።

ጥያቄ (ከፖሊ ካምፓስ)፦ ጋሼ፣ በገጽ 800 ፊደል ብዬ ቆረጥኩት። አንዱ ገጽ ግማሹ ባዶ ነው፣ ሌላው ከታች ይቆረጣል። ቁጥሩን ስንት ላድርገው?

መልስ፦ የትኛውም ቁጥር አይሠራልህም። «ጨ» እና «ነ» እኩል ቦታ አይዙም። ርዕስ ሲመጣ የመስመሩ ቁመት ይጨምራል፤ አንቀጽ ሲያልቅ የመስመሩ ቀሪ ባዶ ይሆናል። አትቁጠር፣ ለካ። ምዕራፉን በሙሉ ለስታቲክ ሌይአውት (ጽሑፍን በመስመር ከፋፍሎ ለሚለካው የአንድሮይድ መሣሪያ) ስጠው። ስፋቱን የዳር ክፍተቱን ቀንሰህ ንገረው። እያንዳንዱ መስመር ከየትኛው ፊደል እንደሚጀምርና ታችኛው ጠርዙ ስንተኛው ፒክስል ላይ እንደሚያርፍ ይነግርሃል። ከላይ ጀምረህ ውረድ። የአንዱ መስመር ታችኛው ጠርዝ ከገጹ ቁመት ካለፈ፣ ያ መስመር የቀጣዩ ገጽ መጀመሪያ ነው። ከእሱ አናት ላይ ልኬቱን እንደገና ጀምር።

ጥያቄ (ያው ልጅ)፦ እንደዛም አድርጌ አንዳንዴ የመጨረሻው መስመር ይቆረጣል እኮ።

መልስ፦ የለካህበትና የምታሳይበት አይመሳሰሉም ማለት ነው። ፎንቱ፣ መጠኑ፣ የመስመር ክፍተቱ፣ ከላይና ከታች የሚጨመረው የፎንት ፓዲንግ ሁሉም አንድ መሆን አለበት። ብዙ ሰው የሚስተው ግን ሌላ ነው። ቴክስትቪው (ጽሑፉን ስክሪን ላይ የሚያሳየው ክፍል) ካልነገርከው በቀር መስመር የሚሰብረው «ሃይ ኳሊቲ» በሚባለው ስልት ነው። ከአንድሮይድ 6 ጀምሮ ያለው ቢልደር (ስታቲክ ሌይአውትን የሚሠራልህ ኮድ) ደግሞ «ሲምፕል»ን፣ ማለትም መስመሩን በተራ እየሞላ የሚወርደውን ስልት፣ ይጠቀማል። ሃይ ኳሊቲ አንቀጹን በሙሉ አይቶ ነው የሚወስነው። አንቀጹን መሃል ላይ ስትቆርጠው የተረፈው ክፍል ሌላ ቦታ ላይ ሊሰበር ይችላል። ሁለቱንም ሲምፕል አድርጋቸውና ተገላገል።

ጥያቄ፦ ጽሑፉ የሚመጣልኝ በኤችቲኤምኤል (ጌጡን በታግ፣ ማለትም በምልክት፣ በሚጽፈው የድረ ገጽ ቋንቋ) ነው። ስቆርጠው ቦልዱ ወይ ይጠፋል፣ ወይ ገጹን ሙሉ ቦልድ ያደርገዋል።

መልስ፦ ታጉን መሃል ላይ እየቆረጥሽው ነው። መጀመሪያ ወደ ስፓንድ (እያንዳንዱ ጌጥ «ስፓን» ሆኖ ከየት እስከ የት እንደሆነ ወደሚይዘው የአንድሮይድ ጽሑፍ) ቀይሪው፣ ከዚያ ከፊሉን ቆርጦ በሚሰጠው ሰብሲኩዌንስ በሚባለው ትእዛዝ ቁረጪ። ስታይሉ አብሮ ይቆረጣል። በምንም ተአምር መሃል ላይ ቱስትሪንግን (ወደ ተራ ጽሑፍ የሚቀይረውን ትእዛዝ) እንዳትጠሪ፤ ያኔ ጌጡ ሁሉ ይረግፋል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። በነጥብ የተዘረዘረ አንቀጽ ሁለት ገጽ ላይ ቢያርፍ፣ በሁለተኛው ገጽ አናት ላይ ነጥቡ እንደገና ይወጣል። ምክንያቱም የተቆረጠው ቡሌት ስፓን (ነጥቡን የሚስለው ስፓን) አሁን የሚጀምረው ከገጹ መጀመሪያ ነው። እሱን አንሺና በቦታው ገባ የሚያደርገውን ሊዲንግ ማርጂን ስፓን ብቻ አድርጊ።

ጥያቄ (ከዘጌ፣ አስጎብኚ)፦ ለገዳማቱ ጎብኚዎች አፕ እያሠራሁ ነው። እንደ ብራናው ቅዱሳን ስሞችን በቀይ እፈልጋለሁ። ባለሙያው «ገጹ ሁሉ እንደገና ይሰላል» አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ወንድሜ። ቀይ ቀለም የፊደሉን ስፋት አይለውጠውም፤ የብራናው ጸሐፊም ቀይ ሲነክር ዓምዱን አላሰፋም። ቦልድና የፊደል መጠን ግን ልኬት ይነካሉ። አንድሮይድ ራሱ ልኬት የሚነኩትን «ሜትሪክ አፌክቲንግ ስፓን» ብሎ ለይቷቸዋል። በዚያ ወገን ውስጥ ያለ ነገር ከተቀየረ ገጹን እንደገና ያስላ። ለቀለም፣ ከሥር ለማስመርና ለማታ ሁነታ ግን ቀለሙን መለወጥ ብቻ ይበቃል።

ጥያቄ፦ አራት ነጥቡ ብቻውን መስመር መጀመሪያ ላይ ይወርድብኛል። ያስቀይማል።

መልስ፦ ጽሑፉን የተየበው ሰው ከአራት ነጥቡ በፊት ስፔስ መትቷል። ኮምፒውተሩ ስፔስ ሲያገኝ ለመስበር ፈቃድ እንዳገኘ ይቆጥራል። ከመለካትህ በፊት ያንን ስፔስ አጥፋው። የድሮው ሁለት ነጥብ ላይ ችግር የለም፤ የዩኒኮድ ደንብ ከእሱ በኋላ እንዲሰበር ይፈቅዳል።

ጥያቄ፦ እናቴ ፊደሉን ስታሳድገው ምልክት ያደረገችበት ገጽ ይጠፋል። ገጽ 42 ብዬ ነው የማስቀምጠው።

መልስ፦ የገጹን ቁጥር አታስቀምጪ። የገጹ የመጀመሪያ ፊደል በምዕራፉ ስንተኛ እንደሆነ አስቀምጪ። ፊደል ሲያድግ ገጾቹ እንደገና ይቆረጣሉ፤ አንቺ ያ ፊደል ያረፈበትን ገጽ ፈልገሽ ትከፍቺላታለሽ። ስልኩ ሲዞርም መፍትሔው ያው ነው።

ጥያቄ፦ አይፎን ላይስ?

መልስ፦ እዚያ ይቀላል። በ2013 ከአይኦኤስ 7 ጋር የመጣው ቴክስትኪት (የአፕል የጽሑፍ መሣሪያ) አንድ ሌይአውት ማኔጀር (ጽሑፉን የሚደረድረው ክፍል) ብዙ ኮንቴይነር፣ ማለትም ጽሑፉ የሚገባበት ሳጥን፣ እንዲይዝ ይፈቅዳል። ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ ኮንቴይነር ትሰጠዋለህ፣ ጽሑፉ ከአንዱ ወደ ሌላው ይፈስሳል።

ጥያቄ፦ ለምን ይሄን ሁሉ? ማሸብለል አይበቃም?

መልስ፦ ለዜናና ለአጭር ጽሑፍ ይበቃል፤ እንዲያውም ይሻላል። ረጅም መጽሐፍ ሲሆን ግን ሰው የት እንደደረሰ ማወቅ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ርካሽ ስልክ ላይ መጽሐፉ እስኪከፈት ቡና ይፈላል።

መልስ፦ መጽሐፉን በሙሉ አንዴ አትለካ። ሰውየው ያቆመበትን ምዕራፍ ብቻ ለካና አሳየው። ሌሎቹን ከጀርባ በሌላ ትሬድ (ጎን ለጎን በሚሄድ የሥራ መስመር) አስኬዳቸው፤ ስታቲክ ሌይአውት ከዋናው ትሬድ ውጭ ይሠራል። ሥዕል ካለ ስፋቱንና ቁመቱን ቀድመህ እወቅ፤ አለዚያ ሥዕሉ ሲመጣ የቆረጥከው ሁሉ ይፈርሳል። «ከ310 ገጽ 12ኛው» የሚለውንም ልኬቱ እስኪያልቅ አትጻፈው፤ እስከዚያው የምዕራፉን ብቻ አሳይ።