ስለ ማደንዘዣና ከቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ ስለሚደረግ እንክብካቤ፦ ከሐዋሳ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በሐዋሳ ከተማ በማደንዘዣ ሙያ የማገለግል እንደመሆኔ፣ ለላካችሁልኝ ጥያቄዎች የቅርብ ዓመታት ጥናቶችን መሠረት አድርጌ እመልሳለሁ። መልሶቼ ታካሚውን በአካል የመረመረውን ባለሙያ ምክር አይተኩም።

ጥያቄ፦ አባቴ የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አላቸው። ከማታ ጀምሮ ውኃ እንኳ እንዳይቀምሱ ተነግሯቸዋል፤ ተራቸው የሚደርሰው ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው። ይህን ያህል መጾም ግድ ነው? (ከታቦር)

መልስ፦ ከምግብ መጾማቸው ግድ ነው፤ ከውኃ ግን ይህን ያህል መከልከላቸው በአብዛኛው አያስፈልግም። ሰው በሰመመን ውስጥ ሳለ የመዋጥና የማሳል ኃይሉ ስለሚጠፋ፣ በሆዱ ያለው ነገር ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባው ውስጥ ሊገባና ሕይወቱን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ውኃ ግን ከጨጓራ ቶሎ ያልፋል። የአሜሪካ የማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ፣ ቀዶ ሕክምናው አስቀድሞ የታቀደ ከሆነ፣ ጥርት ያለ ፈሳሽ 2 ሰዓት እስኪቀረው፣ የእናት ጡት ወተት 4 ሰዓት እስኪቀረው፣ ቀለል ያለ ምግብ ደግሞ 6 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቅዳል። ቅባትና ሥጋ የበዛበት ምግብ ከዚያ የረዘመ ጊዜ ይፈልጋል። ጥርት ያለ ፈሳሽ ሲባል ውኃ፣ ወተት የሌለው ሻይ፣ ዝቃጭ የሌለው ጥቁር ቡና ማለት ነው። አጥሚትና የአቮካዶ ጁስ ቢጠጡም የሚቆጠሩት እንደ ምግብ ነው፤ በከተማችን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ አዛውንት ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይቀምሱ ሲቆዩ ይደክማሉ፣ የደም ግፊታቸውም ማደንዘዣው ሲሰጣቸው ይበልጥ ሊወርድ ይችላል። ይሁንና አንጀታቸው ለታጠፈ፣ ምጥ ላይ ላሉና ለድንገተኛ ሕሙማን ይህ ስሌት አይሠራም፤ የስኳር ሕሙማንም የተለየ ምክር ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ በራሳችሁ አትወስኑ፤ «ተራቸው 8 ሰዓት ከሆነ እስከ 6 ሰዓት ውኃ ይጠጡ ወይ?» ብላችሁ የማደንዘዣ ባለሙያውን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ በኦፕራሲዮን ከወለድኩ ወዲህ ወገቤን ያመኛል። ሁሉም ሰው ለማደንዘዣ ወገቤ ላይ የተወጋሁት መርፌ ነው ይለኛል። (ከመናኸሪያ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሕመምሽ እውነት ነው፤ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የወገብ ሕመም ግን በወገብ መርፌ ምክንያት እንደሚጨምር ጥናቶች አላሳዩም። እርግዝናው ራሱ፣ የጅማቶች መላላትና ሕፃን አቅፎ መዋል ሳይወጉ በወለዱ እናቶችም ላይ ተመሳሳይ ሕመም ያስከትላሉ። መርፌው በተጨባጭ የሚያመጣው ቁጭ ሲሉ የሚብስና ሲተኙ የሚቀል ራስ ምታት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በላንሴት መጽሔት የወጣ የጥናቶች ጥምር ትንተና፣ ጫፉ እንደ እርሳስ በሆነ መርፌ መጠቀም ይህን ራስ ምታት ከ11 በመቶ ወደ 4.2 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እግር መዛል፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ወይም ትኩሳት ካለ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ የስድስት ወር ልጄ ለቡአ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተይዞለታል። ማደንዘዣው አእምሮውን አይጎዳውም?

መልስ፦ ለአንድ አጭር ቀዶ ሕክምና መልሱ የሚያጽናና ነው። በሰባት አገሮች 722 ሕፃናትን ያካተተና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ ለአንድ ሰዓት ገደማ ሙሉ ሰመመን የወሰዱትንና በከፊል ማደንዘዣ ብቻ የታከሙትን በአምስት ዓመታቸው ሲያነጻጽር በአእምሮ ብቃት ልዩነት አላገኘም።

ጥያቄ፦ ጫት እቅማለሁ። መናገር አለብኝ?

መልስ፦ አዎ፣ መቼ እንደቃሙም ጭምር። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይለውጣል፤ የሚጠይቅዎት ባለሙያ ሊፈርድብዎ ሳይሆን መድኃኒቱን ሊመርጥልዎ ነው።

ጥያቄ፦ ቤተሰባችን የሚፈራው «ማደንዘዣው ወስዶት ይቀራል» የሚለውን ነው። አደጋው የት ላይ ነው? (ከሐይቅ ዳር)

መልስ፦ ከሁሉም በላይ ልመልሰው የምፈልገው ይህን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የአፍሪካ የቀዶ ሕክምና ውጤት ጥናት በ25 አገሮች ከ11,000 በላይ ታካሚዎችን ተከታትሏል። ታካሚዎቹ በዕድሜ ወጣቶች ቢሆኑም 2.1 በመቶ የሚሆኑት ሞተዋል፤ ይህም ከዓለም አማካይ እጥፍ ነው። ከሞቱት ውስጥ 94 በመቶ ያህሉ የሞቱት ከቀዶ ሕክምናው ቀን በኋላ ነው። ቤተሰብ በቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ ቆሞ ይጨነቃል፣ ታካሚው ሲወጣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይበተናል፤ ብርቱ ክትትል የሚያስፈልገው ግን ከዚያ በኋላ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው ማለቴ አይደለም፤ ያው የተመራማሪዎች ቡድን ለአደጋ የተጋለጡ ታካሚዎችን ለይቶ ክትትላቸውን ቢያጠናክር ሞት ይቀንስ እንደሆነ በ28 አገሮች ሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ውጤት እንዳልቀነሰ አሳውቋል። ችግሩን የሚያይ ዓይን ብቻውን አይበቃም፤ ሲጠራ የሚመጣ ባለሙያ፣ ደምና ኦክስጅንም መኖር አለባቸው።

ጥያቄ፦ ታዲያ አስታማሚ ምን ማድረግ ይችላል? ጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ ገዝተን እንግባ?

መልስ፦ መለኪያው ይጠቅማል፤ ጣት ሲቀዘቅዝ ወይም ጥቁር ሂና ሲኖርበት ግን የተሳሳተ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ኦክስጅን በአፍንጫ የተደረገለት ሰው ደግሞ ትንፋሹ እየደከመ ቁጥሩ ለጊዜው ጥሩ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ደረቱን እያያችሁ የአንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሽ ቁጠሩ፤ ለአዋቂ ከ12 እስከ 20 የተለመደ ነው። ከ10 ካነሰ፣ ከ25 ካለፈ፣ የማስታገሻ መርፌ ከወሰደ በኋላ ስትጠሩት በቀላሉ ካልነቃ፣ ፋሻው በደም ከራሰ ወይም ለሰዓታት ሽንት ካልመጣ፣ እስኪነጋ ሳትጠብቁ ተረኛ ነርሷን ጥሩ።