አጎትህ ልክ ናቸው፣ አንዲት ነገር ብቻ ትታረም

ጥያቄ፦ የምኖረው ቡራዩ፣ ገፈርሳ አካባቢ ነው። ሰሞኑን በሰፈራችን ላይ ሄሊኮፕተር ሲያልፍ አጎቴ ቀና ብለው አዩና «ይሄን የፈለሰፈው ከሩሲያ አሜሪካ የተሰደደ ሰው ነው፤ በዓለም የመጀመሪያውን ቦምብ ጣይ አውሮፕላን የሠራውም እሱ ነው» አሉን። ጓደኛዬ ግን «አንድ ሰው ሁለቱንም? አይሆንም» ብሎ ሙጭጭ አለ። ማናቸው ናቸው ልክ?

መልስ፦ አጎትህ ናቸው ማለት ይቻላል። ሰውየው ኢጎር ሲኮርስኪ ይባላል። በ1889 ኪየቭ ተወለደ፤ ከተማዋ ያኔ በሩሲያ ዛር ሥር ነበረች። (የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ገና በ20 ዓመቱ የጀመረው በሄሊኮፕተር ነው። በ1909 የሠራው ከመሬት ንቅንቅ አላለም። በዓመቱ የሠራው ደግሞ የራሱን ክብደት አነሳ፣ ሰው ሲጫንበት ግን እምቢ አለ። የዘመኑ ሞተሮች ክብደታቸው ብዙ፣ ጉልበታቸው ትንሽ ነበር። ስለዚህ ነገሩን አቆይቶ ወደ አውሮፕላን ዞረ።

አንድ ቀን እየበረረ ሳለ ሞተሩ ድንገት ቀጥ አለ። እንደምንም ወርዶ ቢፈተሽ ለካ የነዳጁን መንገድ የዘጋችው አንዲት ትንኝ ናት! ለእኔ የሰውየው ሥራ በሙሉ የሚጀምረው እዚህ ነው። ነፍስን በአንድ ሞተር ላይ ማንጠልጠል አይሆንም ብሎ ቆረጠ። ቀላል አይምሰልህ፣ ከብዙ ዓመት በኋላም አብራሪዎች በአንድ ሞተር ነበር የሚሄዱት። እናንተው ሰፈር ገፈርሳ ላይ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ያረፈው፣ በአገራችን የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25 የሚባል የፈረንሳይ ወታደራዊ አውሮፕላን ነው። ከጅቡቲ ተነስቶ ያንን ሁሉ በረሃና ተራራ ያቋረጠው በአንድ ሞተር ነው።

ሲኮርስኪ አራት ሞተር ልግጠም ሲል ብዙዎች አልተቀበሉትም። በአንድ በኩል ያለው ሞተር ቢጠፋ የሌላው በኩል ጉልበት አውሮፕላኑን አዙሮ ይጥለዋል ብለው ሰጉ። እሱ ግን በ1913 ሠርቶ አበረረው፣ አየር ላይ ሞተር እያጠፋም ሞከረው፤ አልወደቀም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የባሰውን ትልቅ አመጣ፦ «ኢሊያ ሙሮሜትስ»። አብራሪ ሁሉ ንፋስ እየገረፈው በሚበርበት ዘመን ይሄኛው ዝግ ክፍል፣ ማሞቂያ፣ የኤሌክትሪክ መብራት፣ ሽንት ቤት ሳይቀር ነበረው።

በ1914 ክረምት ከሴንት ፒተርስበርግ ኪየቭ ድረስ በረረበት፣ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ። መንገድ ላይ የአንዱ ሞተር የነዳጅ ቱቦ ተበጥሶ እሳት ተነሳ። ሁለት ሰዎች ከክፍሉ ወጥተው፣ እየበረረ ባለ አውሮፕላን ክንፍ ላይ ቆመው፣ እሳቱን በካፖርታቸው እየመቱ አጠፉት። ከዚያም ወርደው ጠገኑትና ጉዟቸውን ቀጠሉ።

ለመንገደኛ የታሰበው አውሮፕላን ወዲያው አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣና ቦምብ ጫነ። ከ70 በላይ ተሠሩ። መትረየስ በየአቅጣጫው፣ በኋላም ጭራው ላይ ስለተጠመደለት የጠላት ተዋጊ አውሮፕላኖች በጦርነቱ ሁሉ መትተው የጣሉት አንድ ብቻ ነው።

የአጎትህ እርማት እዚህ ላይ ነች። የሲኮርስኪው የመጀመሪያው ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ ነው እንጂ ከአውሮፕላን ቦምብ መጣል የተጀመረው በሱ አይደለም። በ1911 ሊቢያ ላይ ጁሊዮ ጋቮቲ የሚባል የጣሊያን መኮንን ትንንሽ ቦምቦች በእጁ ወርውሯል። ከ24 ዓመት በኋላ የዚያው አገር አውሮፕላኖች በእኛ ሕዝብ ላይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ አዝንበዋል፣ ስለዚህ ይህን ታሪክ በትክክል ማወቅ ይገባናል።

አብዮቱ ሲመጣ ሲኮርስኪ አገሩን ጥሎ ወጣ። በፈረንሳይ በኩል አድርጎ በ1919 ኒውዮርክ ገባ። ጦርነቱ አልቋል፣ አውሮፕላን የሚፈልግ የለም። ያ ሁሉ ስም ያለው መሐንዲስ ለሩሲያ ስደተኞች ሂሳብ እያስተማረ ኖረ። በ1923 ኩባንያ ሲያቋቁም ቦታው የጓደኛው የዶሮ እርባታ ነው፣ ሠራተኞቹም እንደሱው ስደተኞች። ገንዘቡ ሊያልቅ ሲል ታዋቂው የሙዚቃ ሰው ራህማኒኖፍ፣ እሱም ስደተኛ፣ የ5,000 ዶላር አክሲዮን ገዛው። አውሮፕላኑ በ1924 አልቆ ሊሞከር ሲል ሠራተኞቹ ካልተሳፈርን አሉ፣ ሲኮርስኪም እምቢ ማለት አልቻለም። ክብደቱ በዛ፣ ሞተሮቹ አቃታቸው፣ ጎልፍ ሜዳ ላይ ወድቆ ተሰባበረ። እንደገና ጠገኑትና በረረ። እውነቱን ለመናገር እኔ ከቦምብ ጣዩ ይልቅ የማደንቀው ይሄንን ነው።

ለጓደኛህ የምትነግረው ደግሞ ይሄውልህ። በፈረንጆቹ መስከረም (ሴፕቴምበር) 14 ቀን 1939፣ ከመጀመሪያው ሙከራ 30 ዓመት በኋላ፣ ሲኮርስኪ ቪኤስ-300 የሚባለውን ሄሊኮፕተር ራሱ መሪው ላይ ተቀምጦ ከመሬት አነሳው። ከሱ በፊትም ሄሊኮፕተር ያበረሩ ነበሩ። የሱ ልዩነት አንድ ትልቅ ተሽከርካሪ ክንፍ ከላይ፣ አንድ ትንሽ ጭራው ላይ አድርጎ ነገሩን ለሥራ ማብቃቱ ነው፤ በሰፈራችሁ የሚያልፉት አብዛኞቹም ዛሬ ድረስ የሚሠሩት በዚሁ ቅርፅ ነው። ከዚያው የተወለደው አር-4 በሚያዝያ 1944 በርማ ጫካ ውስጥ፣ ከጠላት መስመር ጀርባ አውሮፕላናቸው የወደቀባቸውን ወታደሮች አንድ በአንድ አንስቶ አውጥቷል።