በጀት ሲጎድል ግብር ይጨመር ወይስ ወጪ ይቀነስ? ጥያቄና መልስ ከሐዋሳ

በመንግሥት ፋይናንስ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ሰሞኑን ስለ ክልል በጀት ጉድለት የጠየቃችሁኝን እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አቶቴ ሰፈር ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ገንዘብ ባጠረ ቁጥር እኛ ላይ ነው የሚጨመረው። ለምን ወጪያቸውን አይቀንሱም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እውነትህን ነው። ግን የሚቀነሰው ምኑ ነው? የመደበኛ በጀት ትልቁ ክፍል ደመወዝ ነው፣ እሱን መንካት ከባድ ስለሆነ ቅነሳው ሥራ ማስኬጃው ላይ ያርፋል። ሥራ ማስኬጃ ማለት የትምህርት ቤት ጠመኔ፣ የጤና ጣቢያ ጓንት ነው። አንዴ ከከተማ ወጣ ያለ ጤና ጣቢያ ሄጄ አምቡላንሱ ግቢ ውስጥ ቆሟል፣ ዶሮዎች ከሥሩ ተጠልለዋል። ሾፌሩ አለ፣ ደመወዙም ይከፈለዋል። ነዳጅ ግን የለም። እዚያው ቆሜ ምጥ የያዛት ሴት በባጃጅ መጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ "ወጪ ይቀነስ" ሲባል ዝም ብዬ መስማት አልችልም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ግብር ይጨመር ነው የሚሉት?

መልስ፦ ከማን ላይ የሚለው ይቅደም። የአሜሪካ ክልሎች ገቢያቸው ባሽቆለቆለበት በ2001 እ.ኤ.አ. የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎቹ ጆሴፍ ስቲግሊትዝና ፒተር ኦርዛግ ይህንኑ ጽፈው ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። ጤና ጣቢያው ጓንት መግዛት ቢያቆም ያ ብር ሙሉ በሙሉ ከገበያው ይጠፋል። ገቢው ከፍ ካለ ሰው ላይ ግብር ቢጨመር ግን ከፊሉ ከቁጠባው ስለሚከፈል ገበያው ያን ያህል አይጎዳም። ከባለ ትንሿ ሱቅ ከወሰድከው ግን ከመሶቡ ነው የወሰድከው። በ2009 ዓ.ም. የትንንሽ ነጋዴዎች የቀን ገቢ ለግብር ተገምቶ ሲወጣ በየከተማው ስንት ሱቅ እንደተዘጋ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ።

ጥያቄ፦ ግብር ቢቀነስ ንግዱ አድጎ ገቢው ራሱ አይጨምርም?

መልስ፦ የአሜሪካዋ ካንሳስ በ2012 እ.ኤ.አ. ሞክራው ጉድለቱ ባሰባት። በ2017 እ.ኤ.አ. አብዛኛውን መልሳ ሻረችው።

ጥያቄ፦ ክልል በራሱ ግብር መጣል ይችላል?

መልስ፦ ይችላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 ላይ የግለሰብ ነጋዴንና የገበሬን ግብር፣ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያን ለክልል ሰጥቷል። ችግሩ ክልሎች በአብዛኛው የሚኖሩት ከፌዴራል በሚመጣ ድጎማ መሆኑ ነው።

ጥያቄ፦ እርስዎ ቢሆኑ ከየት ይጀምራሉ?

መልስ፦ ከሰኔ! የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ያልተጠቀሙበት ገንዘብ ይመለሳል፣ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ያልታሰበ ግዢና ሥልጠና ሰኔ ላይ ይግተለተላል። መቀነስ ካለበት እሱ ይቀነስ፣ አበሉም ጭምር። ከዚያ ያለ ደረሰኝ የሚሸጠው ትልቁ አከፋፋይ ይጠየቅ። ትንሹን ነጋዴ ከማባረር በፊት ማለቴ ነው።

ጥያቄ፦ መምህርት ነኝ። ደሞዛችን ላይ ግብር ይጨመር ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የፌዴራል ሕግ ከግብር ነፃ የሆነው ደሞዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፣ ከ14,000 በላይ ያለው ላይ 35 በመቶ ነው። ከዚህ በላይ ከደሞዝተኛ መፈለግ ልክ አይመስለኝም። ያንቺ ግብር እጅሽ ሳይገባ ተቆርጦ ነው የሚመጣው፣ የምትደብቂው ነገር የለም።