ስስል ሽንት ያመልጠኛል፤ ቀዶ ሕክምናው ያሰጋል?

ጥያቄ፦ የ44 ዓመት ሴትና የአራት ልጆች እናት ነኝ። የመጨረሻውን ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ስስል፣ ሳስነጥስ ወይም ውኃ የሞላ ጄሪካን ሳነሣ ሽንት ያመልጠኛል። ሐኪሜ ቀዶ ሕክምና እንዳደርግ ነግሮኛል፤ እንግሊዝ አገር የምትኖረው እኅቴ ግን «እዚህ ታግዷል» ብላ አስፈራችኝ። ጎረቤቶቼ ደግሞ ፊስቱላ ነው ይላሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ የጎረቤቶችዎ ግምት ከገለጹልን ምልክት ጋር አይሄድም። ፊስቱላ ብዙውን ጊዜ በፊኛና በብልት መካከል የሚፈጠር ቀዳዳ በመሆኑ ሽንቱ ተኝተውም ተቀምጠውም ሳያቋርጥ ይፈሳል፤ እርስዎን የሚያመልጥዎት ግን በሆድ ላይ ግፊት ሲፈጠር ብቻ ነው። ለዚህ የተለመደው ምክንያት የሽንት ቧንቧን ደግፈው የሚይዙት ጡንቻዎችና ጅማቶች በእርግዝናና በወሊድ መላላታቸው ነው። (ፊስቱላ ታክመው ቀዳዳው የተዘጋላቸው አንዳንድ ሴቶችም ይህ ችግር አብሯቸው ሊቆይ ይችላልና ሁለቱ ጨርሶ አይገናኙም ማለት አይደለም።)

እኅትዎ የሰሙት መሠረት አለው። ከሽንት ቧንቧ ሥር የሚዘረጋው ሰው ሠራሽ የመረብ ጥብጣብ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በስዊድናዊው ሐኪም ኡልፍ ኡልምስተን ሥራ የታወቀና ቁስሉ ትንሽ በመሆኑ በብዙ አገሮች የተስፋፋ ዘዴ ነው፤ ይሁንና በአንዳንድ ሴቶች ላይ የማይለቅ ሕመም በማስከተሉ፣ የብልትን ግድግዳ በልቶ በመውጣቱና ለማውጣትም አስቸጋሪ በመሆኑ እንግሊዝ በሐምሌ 2018 እ.ኤ.አ. አጠቃቀሙን ገታች። የተገታው ግን መረቡ እንጂ ቀዶ ሕክምናው ሁሉ አይደለም። ከራስዎ የሆድ ግድግዳ በተቆረጠ ጠንካራ ሽፋን ቧንቧውን መደገፍ ወይም ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበትን፣ በፊኛው አንገት ግራና ቀኝ ያለውን የብልት ግድግዳ ከብልት አጥንት ጀርባ ካለው ጅማት ጋር የሚሰፋውን ዘዴ መምረጥ ይቻላል። እነዚህ ቁስላቸው ሰፋ፣ ማገገሚያቸውም ረዘም ይላል። ስለዚህ ሐኪምዎን የትኛውን ሊሠሩልዎ እንዳሰቡና ምን ያህል ልምድ እንዳላቸው ይጠይቋቸው፤ መጠየቅ መብትዎ ነው።

እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ግን በደብዳቤዎ ውስጥ ለዚህ ችግር ስለሚሠራው የጡንቻ ስፖርት አንድም ቃል አለመኖሩ ነው። ሽንት እንደሚይዙ አድርገው የዳሌ ወለል ጡንቻዎችን መጭመቅና መልቀቅ፣ በአንድ ጊዜ ቢያንስ 8 ጊዜ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለ3 ወር ያህል በባለሙያ ክትትል ሳይሞከር ወደ ቀዶ ሕክምና መሄድ መቸኮል ነው። ሽንትዎ በድንገት አጣድፎ መጸዳጃ ቤት ሳይደርሱ የሚያመልጥዎት ከሆነም ይህን ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ያኛው ዓይነት በመድኃኒትና ፊኛን በማለማመድ የሚታከም ሲሆን፣ ቀዶ ሕክምናው ሊያባብሰውም ይችላል። ሌላ ልጅ ለመውለድ ካሰቡ ደግሞ ቀዶ ሕክምናውን ከወሊድ በኋላ ማድረጉ ይሻላል።