መልስ፦ «ወንድሜ የታመመው ምግቡን ስላልጨረሰ ነው» ለምትል የ5 ዓመት ልጅ

«አይደለም» እያልሽ አትከራከሪያት፤ በራሷ እጅ አሳዪያት።

1. መዳፏን በግማሽ የሻይ ማንኪያ ዘይት ቀብተሽ ቆንጠር አድርገሽ የተፈጨ ቡና ነስንሺበት። «ቡናው ጀርም ነው እንበል» በያት።
2. መጀመሪያ በውኃ ብቻ ትታጠብ። ዘይቱ ስለያዘው ከጣቶቿ መሃልና ከጥፍሯ ሥር አይለቅም። ቀጥላ በሳሙና 20 ሰከንድ ትሸው፤ ይለቃል።
3. ወዲያው፣ እጇ ሳይደርቅ፦ «ወንድምሽን ተቅማጥ የያዘው እንዲህ ያለ፣ ግን በዓይን የማይታይ ነገር በአፉ ገብቶ ነው። ምግብ ደግሞ ያሳድገዋል፤ ሲያገግምም ጉልበት ይሆነዋል» በያት።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፦ «ካልበላሽ ትታመሚያለሽ» አትበያት። በዚህ ዕድሜ ብዙ ልጆች በሽታን የሚያዩት እንደ ቅጣት ነው፤ ሆዷን ሲያማት ጥፋተኛ የሆነች መስሏት ልትደብቅሽ ትችላለች። ወንድሟንም ተቅማጥ ያዘው ብላችሁ ምግብ አትከልክሉት፤ ይጎዳዋል፣ እሷም እያየች ነው።