ሆዴ ባዶ ሳለ ውኃው ከየት ይመጣል?

ጥያቄ፦ ከወር በላይ ውኃ ውኃ የሚል ተቅማጥ አለብኝ። ምግብ ባቆምም አይቀንስም። ሐኪሜ የሆርሞን ችግር ሊሆን ይችላል ብለው በሰገራዬ ውስጥ ያለው ጨው እንዲለካ አዘዙ። ሆርሞንና ተቅማጥን ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ ሳይበሉም የሚቀጥል ከሆነ፣ የሚወጣው የበሉትና የጠጡት ሳይሆን አንጀትዎ ከደም ስቦ የሚያፈሰው ውኃ ሊሆን ይችላል።

ትልቁ አንጀት በቀን ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ፈሳሽ ከትንሹ አንጀት ይረከባል፤ ከሰገራ ጋር የሚወጣው ግን ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ነው። ውኃን ራሱን የሚስብ ነገር የለም። ሕዋሳቱ ሶዲየምና ክሎራይድን ወደ ደም ያሻግራሉ፤ ውኃው ጨውን ይከተላል። በዚያው ሽፋን ላይ ግን ክሎራይድን ወደ አንጀት የሚያስወጡ በሮችም አሉ።

እነዚህን በሮች ከሚያስከፍቱት መካከል ዋነኛው ቪአይፒ ነው፤ በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ያሉ ነርቮች የሚለቁት፣ ከ28 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ፔፕታይድ (አጭር የፕሮቲን ሰንሰለት)። ሕዋሱ ላይ ሲያርፍ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለው የውስጥ መልእክተኛ ይበዛል። ያኔ የክሎራይዱ በር ይከፈታል፤ ሶዲየምና ክሎራይድ አብረው የሚገቡበት መንገድ ደግሞ ይዘጋል። ጉዳቱ በሁለት በኩል ነው። ይህን የሚገቱት ደግሞ ሌሎች የሰውነት መልእክተኞች፣ ማለትም ሶማቶስታቲን፣ ኒውሮፔፕታይድ ዋይ፣ እንዲሁም ከምግብ በኋላ የሚለቀቀው ፔፕታይድ ዋይዋይ ናቸው። አልዶስቴሮን የተባለው ሆርሞን በትልቁ አንጀት መጨረሻ የሶዲየም መግቢያዎችን ያበዛል፤ ሥራው ግን ሰዓታት ይፈጃል።

ሐኪምዎ ያሰቡት ቪአይፒን እንደ ሆርሞን ወደ ደም የሚያመነጭ ዕጢ (ቲዩመር) ሊሆን ይችላል። እጅግ ብርቅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቆሽት ላይ ይወጣል። ሰገራው በቀን ከ3 ሊትር ሊያልፍ፣ ፖታሺየምም አብሮ ሊፈስ ይችላል፤ ጡንቻ የሚዝለው፣ የልብ ምት የሚዛባው በዚህ ነው። ኦክትሪዮታይድ የሚባለው መርፌ የሶማቶስታቲንን ሥራ እየሠራ ፈሳሹን ይቀንሳል።

የታዘዘልዎት ልኬት ስሌቱ ቀላል ነው። በሰገራው ያሉት ሶዲየምና ፖታሺየም (በሚሊሞል በሊትር) ተደምረው በ2 ይባዛሉ፤ ውጤቱ ከ290፣ ማለትም በሰገራ ፈሳሽ ውስጥ ይኖራል ተብሎ ከሚታሰበው የሟሙ ነገሮች ጠቅላላ መጠን፣ ይቀነሳል። ለምሳሌ ሶዲየም 95፣ ፖታሺየም 40 ቢሆን ድምሩ 135፣ እጥፉ 270፣ ልዩነቱ 20 ነው። ከ50 በታች ከሆነ አንጀቱ ራሱ እያፈሰሰ ነው፤ ከ100 በላይ ከሆነ ከአንጀት ወደ ደም ያልገባ ነገር፣ ለምሳሌ የወተት ስኳር፣ ውኃ ይዞ እየወጣ ነው። ናሙናው ላይ ሽንት ወይም ውኃ እንዳይቀላቀል አደራ፤ ቁጥሩ ይበላሻል።

የማስቆሚያ መድኃኒቶችም አንድ አይደሉም። ሎፔራማይድ በዋናነት የአንጀቱን እንቅስቃሴ ያዘገያል፤ ሰገራው ደም ካለው ወይም ትኩሳት ካለዎት አይውሰዱት። ራሴካዶትሪል ግን ኢንኬፋሊን የተባለው የአንጀት ፔፕታይድ ቶሎ እንዳይፈርስ ጠብቆ ፍሰቱን ይቀንሳል። ውጤቱ እስኪመጣ ኦአርኤስ ይጠጡ፤ ግሉኮስና ሶዲየም አብረው የሚገቡበት የትንሹ አንጀት መንገድ በሳይክሊክ ኤኤምፒ አይዘጋም። መቆም ካቃተዎት ወይም ልብዎ ያለ ወትሮው ከመታ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።