የቆየ በገና ድምፁ ሲደርቅ

ጥያቄ፦ ከደብራችን ዕቃ ቤት አንድ የቆየ በገና ወጣ። ቆዳው በአንድ በኩል ስፌቱ ለቋል፤ ከዐሥሩ አውታር የቀሩት ስድስቱ ናቸው። ስንደረድረው ድምፁ ደረቅና አጭር ነው፤ የበገና ንዝረት የለውም። ለዐቢይ ጾም ከመዘምራኑ ጋር ብናሰማው ምኞታችን ነው። ራሳችን መጠገን እንችላለን? (የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን አስተባባሪ፣ ደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ይቻላል፤ ነገር ግን መርፌ ከማንሣታችሁ በፊት ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳዩት። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ አይጠገንም። እስከዚያ ፎቶ አንሡት፤ የትኛው አውታር ከየትኛው መቃኛ እንደታሰረም ጻፉ። እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፣ ቫርኒሽም አይንካው።

ቆዳው ያሳስባችኋል፤ እኛ ግን መጀመሪያ የምንጠረጥረው እንዝራውን ነው። እንዝራ በአውታሩና በበርኩማው (አውታሮቹን ከቆዳው በላይ በሚደግፈው እንጨት) መካከል የምትገባ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ናት፤ ለእያንዳንዱ አውታር የራሱ አለው። አውታሩ ሲርገበገብ እሷን ደጋግሞ ስለሚነካ ያ የሚነዝር ድምፅ ይወጣል። ከጠፋች ወይም ደርቃ ከተጠቀለለች በገናው እንደ ትልቅ ክራር ይሆናል። አዲሷን ካስገባችሁ በኋላ አውታሩን እየነካችሁ በጥቂት በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ ግፏት። አለቅጥ ከገባች አውታሩን ታፍነዋለች፤ ካልደረሰች አትነዝርም። ዐሥሩን ለየብቻ ማስተካከል ጊዜ ይፈጃል፤ የበገና ነፍሱ ግን እዚህ ላይ ስለሆነ አትቸኩሉ።

ቆዳው ካልተቀደደ አይቀየር። አውታሮቹን በየተራ ጥቂት ጥቂት እያላላችሁ ፍቱ። የለቀቀውን ጠርዝ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ እስኪለሰልስ ጠብቁና በቀጭን ጠፍር ስፉት። ማድረቂያው ጥላ ነው፤ ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ ከዋለ አንዱ ወገን ቀድሞ ይኮማተርና አዲሱን ስፌት ይቀደዋል። ፈጽሞ ሳይደርቅ አውታር ከተወጠረበት በርኩማው ወደ ቆዳው ይሰምጣል። ኮላ አትጠቀሙ፤ ነገ ሌላ ጠጋኝ ሊፈታው ሲል ቆዳውን ይቦጭቃል።

የአውታሩ ወግ የበግ አንጀት ነው። ናይለንም ያገለግላል፤ ሁለቱን ግን አትቀላቅሉ። አንጀት እርጥበት ስለሚጠጣ በደብረ ብርሃን ጉም ቅኝቱ ይለዋወጣል፣ ናይለኑ ግን አብሮት አይሄድም። የጎደሉት 2ኛው፣ 5ኛው፣ 7ኛውና 9ኛው ከሆኑ እነዚህ በተለመደው አደራደር የጣት ማረፊያ ናቸው፤ ድምፅ የሚሰጡት 1፣ 3፣ 4፣ 6፣ 8 እና 10 ናቸው። ቢሆንም ማረፊያ ያጣ ጣት ይስታልና አራቱንም አስገቡ። ከመቃኘታችሁ በፊት በገናው በሚደረደርበት ክፍል ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ።

ጥያቄ፦ በገናችን በመዘምራኑ ድምፅ ይዋጣል። ምን ይሻላል? (አንኮበር)

መልስ፦ በገና ወፍራምና ለስላሳ ድምፅ አለው፤ ለብዙ ሰው ጩኸት አልተሠራም። የሚቃኘውም በዘማሪው ድምፅ ልክ ነውና መሪያችሁ ሳይጨነቅ ዝቅ አድርጎ የሚያወጣውን ድምፅ ይዛችሁ ቃኙ። አንድ ሰው ይምራ፤ ሌሎቹ በተቀባይነት ዝቅ ብለው ይመልሱ፤ በሚመልሱበት ጊዜም ደርዳሪው አያቋርጥ። በዐቢይ ጾም ከበሮ ስለማይመታ ያ ወቅት ለበገና ይመቻል። በሌላ ጊዜ ከከበሮ ጋር አታጣምሩት።